የዐጸዳችን ቁጥቋጦ ቢመነጠር ይህች ነፍሳት ለቃሚ ወፍ ምን ይውጣታል?

የጽድ ጥላ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ባለው ደጋ ነው። የሰበካችን ቤተ ክርስቲያን እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው አድባራት በአሮጌ ጽድና ወይራ የተከበበ ሲሆን፣ በትልልቆቹ ዛፎች ሥርና በቅጥሩ ዳር ደግሞ ቀጋ፣ አጣጥ፣ አምጃና ግራዋ ተጠላልፈው በቅለዋል። ሰበካ ጉባኤው በቅርቡ ባደረገው ስብሰባ ላይ ይህ ቁጥቋጦ ከመጪው ክብረ በዓል በፊት ተመንጥሮ፣ የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ፣ ባዶ በሚሆነው በምዕራቡ በኩል ባሕር ዛፍ ቢተከል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የቀረቡት ምክንያቶች ቀላል የሚባሉ አይደሉም፤ ጥሻው እባብ ያስጠጋል፣ ለሌባ መሸሸጊያ ይሆናል፣ ባሕር ዛፉ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለጣሪያ ማሳደሻ የሚሆን ገቢ ያስገኛል ተብሏል።

እኔን ያሳሰበችኝ በዚያው ጥሻ ዳር የምትውል አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። ከድንቢጥ ጥቂት ከፍ ትላለች፤ ጀርባዋ ወደ ቡናማ የሚያደላ ግራጫ፣ ሆዷ ከጀርባዋ የፈዘዘ ግራጫ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የምትለየው ግን በዓይኗ ነው፤ በጨለማው ፊቷ ላይ ዓይኗ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። ከኪዳን ጸሎት በኋላ ፀሐይ ቅጥሩን ስትመታ ዝቅ ባለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና፣ ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆይታ ድንገት ወደ መሬት ትወረወራለች፤ ከረገፈው ቅጠል መካከል አንዳች ነገር ነጥቃ ወደዚያው ቅርንጫፍ ወይም ወደ አጠገቡ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው አያቸዋለሁ።

ይህች ወፍ የትኛዋ እንደሆነች፣ ምንጣሮው ይጎዳት እንደሆነ፣ ደግሞም ለሰበካ ጉባኤው ሊቀርብ የሚችል ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ካለ የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ለወፍ ሲባል ብቻ የሽማግሌዎችን ሐሳብ መቃወም ተሰሚነት እንደማይኖረው ስለማውቅ፣ ነገሩን በሚገባ ተረድቼ መቅረብ እፈልጋለሁ።

የባሌ አስጎብኚ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ገለጻዎ የተሟላ በመሆኑ ወፏን ለመለየት አያስቸግርም። ያዩዋት በእንግሊዝኛ አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሜላኖርኒስ ቾኮላቲነስ የምትባለዋ ዝንብ አዳኝ ወፍ ናት። ርዝመቷ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ በዓለም ላይ በየትም ስለማትገኝ፣ ከባሕር ማዶ ወፍ ለማየት የሚመጡ ሰዎች በዝርዝራቸው ላይ ይዘዋት ይመጣሉ። ለሳይንስ ያስተዋወቃት ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ እስከ ስሜንና ጎንደር ድረስ ዘልቆ ከሰበሰባቸው በኋላ በ1840 ስም ከተሰጣቸው የአገራችን ወፎች አንዷ ናት።

በዓይኗ መለየትዎ ትክክል ነው። በእናንተ አካባቢ ከእርሷ ጋር ሊያምታቱ የሚችሉ ሌሎች ዝንብ አዳኞች አሉ። አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ ሙስሲካፓ አዱስታ የምትባለው ናት፤ እርሷም በደጋ ደን ዳር የምትውል፣ እንደዚህችው ከቅርንጫፍ ተነሥታ የምታድን ናት፤ ሆኖም መጠኗ ያንሳል፣ ዓይኗም ጥቁር ነው። ሌላዋ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽታ ወደ ደቡብ ስትጓዝ በመስከረምና በጥቅምት፣ ስትመለስ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ የምታልፈው ዝንብ አዳኝ ናት፤ ይህቺኛዋ በግንባሯና በደረቷ ላይ ቀጫጭን ሰረዞች አሏት፣ ዓይኗም ጥቁር ነው። በሰውነቷ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ የበዛባት ወፍ በዚያው ቦታ ካዩ ግን እንግዳ አትምሰልዎ፤ የዝንብ አዳኞች ጫጩቶች ከጎጆ በወጡበት ወቅት ላባቸው ነጠብጣብ የበዛበት ስለሚሆን፣ ያ ማለት ወፎችዎ በዐጸዱ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ፈልፍለዋል ማለት ነው።

እኔ በምሠራበት በዲንሾ በኮሶና በጽድ ደን ውስጥ እጅግ የተለመደች ናት። ደጋ አጋዘኖች በሚግጡበት ገላጣ ዳር፣ ዝቅ ባለ የኮሶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳር ሳሩን ስትመለከት የማትታይበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባም የቆዩ አገር በቀል ዛፎች ባሉባቸው ግቢዎች ትኖራለች። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይም ብዙም የማያሰጋት ተብላ ነው የተመደበችው። ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤው «ይህች ወፍ ከምድር ልትጠፋ ነው» ብለው ቢናገሩ እውነት አይሆንም። እውነቱ ይህ ነው፦ በዓለም ላይ ያላት መኖሪያ የእኛው ደጋ ብቻ ነው፤ በአንድ ዐጸድ ውስጥ መኖሯ ወይም አለመኖሯ ደግሞ የሚወሰነው ያንን ዐጸድ በሚያስተዳድሩት ሰዎች ነው።

የባዮሎጂ መምህር

ወንድሜ ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። ምንጣሮው ይጎዳት እንደሆነ ለተጠየቀው መልስ ለመስጠት ግን አስቀድሞ እንዴት እንደምታድን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በአመጋገቧ ውስጥ ነው።

የዚህች ወፍ አደን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። እንደ አንዳንድ ትንንሽ ወፎች ከቅጠል ቅጠል እየዘለለች አትለቅምም፤ አንድ ማረፊያ መርጣ፣ ከታችዋ ያለውን መሬትና ከፊቷ ያለውን አየር ትቃኛለች። አንድ ጢንዚዛ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲራመድ ወይም አንድ የእሳት እራት ሲነሣ ስታይ ትወረወራለች። የምንቃሯ ሥር ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በአፏ ግራና ቀኝም ጠንከር ያሉ ጢም መሰል ላባዎች ወደ ፊት ወጥተዋል፤ እነዚህ ዓይኗን ከሚወራጭ ነፍሳት እግርና ክንፍ ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል። ካደነች በኋላ ትልቅ ጢንዚዛ ከሆነ በቅርንጫፉ ላይ እየደበደበች ጠንካራ ክንፉን ታረግፍና ትውጠዋለች፤ ከማረፊያዋ በታች በጥሞና ቢፈልጉ የረገፉ የጢንዚዛ ክንፎች ሊያገኙ ይችላሉ።

እንዲህ ለምታድን ወፍ ሦስት ነገሮች በአንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ዝቅ ያለ ማረፊያ፣ ከማረፊያው ሥር ወለል ብሎ የሚታይ መሬት፣ በመሬቱም ላይ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት። ጥሻው ጥቅጥቅ ብሎ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው አይመቻትም። ለዚህ ነው ጥሻው መካከል ሳይሆን ዳሩ ላይ የሚያዩዋት። በሌላ በኩል ቁጥቋጦው ከሥሩ ተመንጥሮ ከተወሰደ የማረፊያዋ ቅርንጫፍ አብሮ ይሄዳል፤ የቀሩት የጽድ ግንዶች የታችኛው ቅርንጫፋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ ከዚያ ላይ ሆና ትንሹን ነገር ማየትና ፈጥና መድረስ ያስቸግራታል።

እኔ ከምንጣሮው ይበልጥ የምፈራው ግን ጠረጋውን ነው። የረገፈ ቅጠል ለዓይናችን ቆሻሻ ቢመስልም ከሥሩ ብንገልጥ እርጥበት፣ ብስባሽ፣ ሻጋታ፣ እነዚያን የሚመገቡ ትሎችና ጢንዚዛዎች፣ እነርሱን የሚያድኑ ሸረሪቶችም እናገኛለን። የደጋው ሌሊት በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ እስኪጥል ድረስ ስለሚቀዘቅዝ፣ በግልጽ መሬት ላይ ያሉ ነፍሳት ይደነዝዛሉ ወይም ይሞታሉ፤ የቅጠሉ ንጣፍ ግን እንደ ጋቢ መሬቱን ሸፍኖ ሙቀቱን ያቆይላቸዋል። ፀሐይ ወጥታ የዐጸዱን ዳር ስታሞቅ ከቅጠሉ ሥር ቀድመው የሚንቀሳቀሱት እነዚህ ናቸው። ከኪዳን በኋላ ፀሐይ በሚመታው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ የሚያዩዋት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነቷ ትንሽ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ስታጣ ታድራለች፣ ስለዚህም ማለዳ ፈጥና መብላት አለባት፤ የሚበላው ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚገኘው በዚያ ቦታ ነው። መሬቱን ባዶ እስኪሆን ከጠረጋችሁት በበጋ ማለዳ የምትቀምሰው አታገኝም።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎቹንም ትንንሽ ወፎች ቢመለከቱ እወዳለሁ፤ የደጋ ደን ምግቡን እንዴት እንደሚያከፋፍል ያሳያሉ። በሳይንሳዊ ስሟ ፊሎስኮፐስ አምብሮቫይረንስ የምትባለው፣ ክብደቷ እጅግ ቀላል የሆነች ቡናማ ወፍ ከቅጠል በታች የተጣበቁትን ትንንሽ አባጨጓሬዎች ትለቅማለች። ጀርባዋ ነጣ ያለ፣ ሌላው አካሏ ጥቁር የሆነችው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው ሌላዋ ወፍ ደግሞ በኮሶና በጽድ ቅርንጫፍ ላይ ተገልብጣ ተንጠልጥላ ቅርፊቱን ትፈትሻለች። በአገራችን ደጋ የሚገኘው የአቢሲኒያ ግንደ ቆርቁር የደረቀ እንጨት ውስጥ ያለውን ትል ያወጣል። የእናንተ ዝንብ አዳኝ ድርሻ መሬቱና ዝቅተኛው አየር ነው። ስለዚህ ታችኛው የደኑ ክፍል ሲወገድ ግንደ ቆርቁሩ ሊቀር ይችላል፣ እርሷ ግን ቦታዋን ታጣለች።

የጽድ ጥላ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር ስለ ጠረጋው የጻፉት ዓይኔን ከፍቶልኛል፤ እስካሁን የማስበው ስለ ቁጥቋጦው ብቻ ነበር። አንድ ነገር ግን ግልጽ ቢያደርጉልኝ፦ በምዕራቡ በኩል የሚተከለው ባሕር ዛፍ አድጎ ጥላ ሲሰጥ ለወፏ ምትክ ሊሆን አይችልም ወይ? ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህንኑ ይጠይቁኛል ብዬ እገምታለሁ፤ ዛፍ ዛፍ ነው፣ ወፍም ካገኘው ዛፍ ላይ ያርፋል የሚል ሐሳብ በአካባቢያችን ብዙ ይሰማል።

የባዮሎጂ መምህር

ባሕር ዛፍ ላይ ወፍ አያርፍም ማለት ትክክል አይሆንም። ሲያብብ ንቦችና የአበባ ማር የሚጠጡ ወፎች ይሰበሰቡበታል፤ ጭልፊትና አሞራም በአናቱ ላይ ያርፋሉ፣ ጎጆም ይሠራሉ። ልዩነቱ ለነፍሳት ለቃሚዋ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ በመሆኑና ቅጠሉም ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይት ስለያዘ፣ የእኛ አገር ነፍሳት አብዛኛዎቹ አይመገቡትም። የደረቀው ቅጠሉና ልጣጩ ሲረግፍም ቶሎ አይበሰብስም፤ ችግኙ ተጠጋግቶ ከተተከለ ደግሞ ከሥሩ ሣርም ቁጥቋጦም እምብዛም ስለማይበቅል መሬቱ ደርቆ ይራቆታል። ወይራን ወይም ብሳናን ቢመለከቱ በቅጠላቸው ላይ የተበሉ ቀዳዳዎች ያያሉ፤ እነዚያ ቀዳዳዎች አባጨጓሬ የበላቸው፣ አባጨጓሬውንም ወፍ የበላችው ናቸው። ንጹሕ፣ ያልተበላ ቅጠል ያለው ዛፍ ለዚህች ወፍ ባዶ ገበታ ነው።

የሰበካ ጸሐፊ (ከሌላ አጥቢያ)

በውይይቱ ውስጥ መግባቴን በትሕትና ተቀበሉኝ። በአንድ የገጠር አጥቢያ በሰበካ ጉባኤ ጸሐፊነት ስለማገለግል፣ የእነዚያን ሽማግሌዎች ጭንቀት ከውስጥ አውቀዋለሁ፤ ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ እንዲታይም አልሻም።

ቤተ ክርስቲያን ቋሚ ገቢ ከሌላት ጣሪያው ሲያፈስስ የሚደርስላት የለም። የካህናት ደመወዝ፣ የመብራት፣ የጧፍና የዕጣን ወጪ አለ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ለደጋው ሕዝብ የቤት ምሰሶ፣ ማገዶና ገንዘብ ሆኖ ኖሯል፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ የቀረው ጽድና ወይራ ለማገዶ ባለቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። የደኅንነቱም ጉዳይ እውነት ነው፤ በእኛም አጥቢያ ንዋየ ቅድሳት እንዳይሰረቅ ሌሊት ሌሊት ጥበቃ እናቆማለን፣ በዕቃ ቤቱ አጠገብ ጥሻ መኖሩ ለጠባቂው አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ምንም አይነካ» የሚል ሐሳብ ይዘው ቢቀርቡ አይሰሙዎትም፤ ቢሰሙዎትም ሌባ በገባ ቀን ጥፋቱ በእርስዎ ላይ ይላከካል።

ይሁን እንጂ በእኛ አጥቢያ የተወሰነውን ልንገርዎ፤ ምናልባት ይጠቅምዎታል። በመጀመሪያ የተለየው የትኛው ቦታ ለምን እንደሚጸዳ ነው። ከበሩ እስከ ቤተ መቅደሱ ያለው መንገድ፣ የዕቃ ቤቱና የቤተልሔሙ ዙሪያ፣ ምእመናን በክብረ በዓል የሚቆሙበት ሜዳ በየጊዜው ይጸዳል። ከዚያ ውጭ ያለው የቅጥሩ ዳር ግን እንዳለ እንዲቀር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ መንገድ የገባው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲቆረጥ ተስማማን። ባሕር ዛፉ የተተከለው ከቅጥሩ ውጭ፣ ለእርሻ በማይሆን ዳገት ላይ ባለው የአጥቢያው ይዞታ ነው። ሽማግሌዎቹ ያለ ብዙ ክርክር የተቀበሉት ገቢውም ደኑም እንደማይቀር ስላዩ ነው። የመቃብሩን ዙሪያ በተመለከተ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ የሟች ቤተ ሰቦች እንዲጸዳ ይፈልጋሉ፣ እኔም ልከለክላቸው አይቻለኝም።

የደን ባለሙያ

ጸሐፊው ያቀረቡት መንገድ እጅግ የተስተካከለ ነው። እኔ የምጨምረው ወፏን ያላነሣ፣ ነገር ግን ለወፏም የሚሆን አንድ ክርክር ነው፤ ለሰበካ ጉባኤው ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ይህ ይመስለኛል።

በዐጸዳችሁ ያሉት ጽዶችና ወይራዎች አርጅተዋል። ጠያቂው አንድ ቀን ረጋ ብለው በዐጸዱ ውስጥ እየተዘዋወሩ፣ ከጉልበት በታች የሆኑ የጽድና የወይራ ልጆች የት የት እንደበቀሉ ቢመለከቱ እመክራለሁ። በተጠረገው ሜዳና በእግር በተረገጠው መሬት ላይ እምብዛም አያገኙም፤ የሚያገኙት በቀጋውና በአጣጡ ሥር፣ በእሾሁ መካከል ነው። የጽድንና የወይራን ፍሬ ወፎች ይውጡና ዘሩን በሚያርፉበት ቦታ ይጥሉታል፤ የሚያርፉት ደግሞ ቁጥቋጦ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጥላው ለችግኙ እርጥበት ይጠብቅለታል፣ እሾሁ ከፍየልና ከላም ያድነዋል። በትግራይ በተከለሉ ቦታዎች የተካሄዱ ጥናቶችም የወይራ ችግኝ በቁጥቋጦ ሥር ሲሆን የተሻለ እንደሚጸድቅ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥሻውን መመንጠር ማለት የወደፊቱን የዐጸድ ዛፍ መመንጠር ነው፤ አሮጌዎቹ በየተራ ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ደኑ ለቤተ ክርስቲያን ልብሷ፣ ሞገሷ እንደሆነ የሚያምኑ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ የሚያልፉት አይመስለኝም።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ብዙ የደከሙት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ በዙሪያው ያለው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ ተራቁቶ ሳለ ይህን ያህል ሀብት የቀረው በቅጥር ውስጥ ብቻ ነበር። ከብት እንዳይገባ በተከለለው ክፍል የችግኝ መብቀልና መጽደቅ ከፍ እንደሚልም ሥራቸው አሳይቷል፤ በዚህም የተነሣ በዚያ አካባቢ በርካታ አጥቢያዎች ከእርሻ ላይ የተለቀመውን ድንጋይ ተጠቅመው በደናቸው ዙሪያ ካብ ሠርተዋል። የድንጋይ ካብ ለእናንተም ይሆናል። እንስሳውን ያግዳል፣ የደኑን ወሰን ያሳውቃል፣ ለሌባውም ቁጥቋጦን ከመመንጠር የተሻለ መከላከያ ነው። የካቡ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ስለሚሞቅ ነፍሳት ይጠለሉበታል፤ ዝንብ አዳኟ በላዩ ስትቀመጥ ብታዩ አይግረማችሁ።

በእናንተ በኩል ደግሞ ሩቅ ሳትሄዱ የምትጠቅሱት ምሳሌ አለ። የወፍ ዋሻ ደን የአካባቢያችሁ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚያ የጽድ ዘር አስወስደው በመናገሻ በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል፤ የመናገሻ ሱባ ደን ዛሬም ከአዲስ አበባ አቅራቢያ የሚገኝ ሰፊ የጽድ ደን ሲሆን፣ ይህችው ዝንብ አዳኝ በዚያም አለች። የእናንተ ዐጸድ ከዚያ ከጥንቱ ደን የተረፈ ቁራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዐጸዱና በወፍ ዋሻ መካከል ያለው መሬት ሁሉ እርሻ በሆነበት ሁኔታ ደግሞ፣ ትንንሽ የደን ወፎች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩት እንደ እናንተው ባሉ የአጥቢያ ደኖች ላይ እያረፉ ነው።

ባሕር ዛፉን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ከቅጥር ውጭ ይሁን። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ጠበል ካላችሁ ከምንጩ በላይም ሆነ በአጠገቡ ፈጽሞ አይተከል፤ ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ ምንጭ ያሳንሳል፣ የደረቀ ጠበልን መመለስ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። በምዕራቡ በኩል ያለው ባዶ ቦታ መተከሉ ካልቀረ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨትና ወይራ ይተከልበት፤ በዝግታ ያድጋሉ፣ ሆኖም የሚተከሉት ለልጅ ልጅ ነው። የግድ የሚመነጠር ክፍል ካለም ሥራው በክረምትና በበልግ ዝናብ ወራት አይሁን፤ ነፍሳት የሚበዙት በዚያን ጊዜ በመሆኑ ብዙዎቹ የደጋ ነፍሳት በል ወፎች ጫጩት የሚያሳድጉት በእነዚያ ወራት ዙሪያ ነው። ለምስጥ ወይም ለአባጨጓሬ ተብሎ መርዝ እንዳይረጭም አደራ እላለሁ።

የጽድ ጥላ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጠበቅሁት በላይ መልስ አግኝቻለሁ። የደን ባለሙያው እንዳሉት ወደ ዐጸዱ ሄጄ በጥሻው ሥር ያሉትን ችግኞች ተመልክቻለሁ፤ ነገሩ እንደተባለው ነው። በአንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ሥር ብቻ ርዝመታቸው ከስንዝር የማይበልጥ የጽድ ልጆች ተጠጋግተው በቅለዋል፣ ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎም ቅጠሉ ገና የለመለመ የወይራ ችግኝ አለ፤ በተጠረገው የምእመናን መቆሚያ ላይ ግን አንድም አላገኘሁም። ይህን ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን በዓይናቸው እንዲያዩት አስቤያለሁ።

ለሰበካ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ መንገዱ፣ የዕቃ ቤቱና የቤተልሔሙ ዙሪያ እንዲጸዳ፣ የቅጥሩ ዳር ቁጥቋጦ ከረገፈው ቅጠል ጋር እንዲቆይ፣ ባሕር ዛፉ ከጠበሉ በታች ባለው የአጥቢያው መሬት ላይ እንዲተከል፣ ካቡም በምእመናን ጉልበት እንዲሠራ የሚል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ድንጋይ ለመልቀም ፈቃደኛ እንደሆኑ ነግረውኛል። እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ ወጣቶቹ ወፏን እየተከታተሉ መዝግቡ ቢባሉ ምን ምን ይጻፉ? ከዓመት በኋላ ለሽማግሌዎቹ የሚታይ ነገር እንዲኖረን እፈልጋለሁ።

የባሌ አስጎብኚ

መልካም አስበዋል። መዝገቡ ቀላል ይሁን፤ ከበዛ ይሰለቻል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢቻል እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓትና በዚያው መንገድ ቅጥሩን አንድ ጊዜ በዝግታ ይዙሩ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ሰማዩ ደመና ወይም ፀሐይ መሆኑን፣ ስንት ዝንብ አዳኝ እንዳዩ፣ በየትኛው በኩልና በምን ዓይነት ተክል ላይ እንደተቀመጠች፣ ማረፊያዋ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በግምት፣ የተወረወረችው ወደ መሬት ወይም ወደ አየር መሆኑን ይጻፉ። ያላዩበትንም ቀን «አልታየችም» ብለው መጻፍ አለባቸው፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ይዘሉታል፣ ያለ እርሱ ግን መዝገቡ መጨመሯንም ሆነ መቀነሷን አያሳይም። ነጠብጣብ ያላት ጫጩት ከታየች በተለየ ቀለም ይመዝገብ። ጎጆ ካገኙ ከሩቅ ይመልከቱ እንጂ ቅርንጫፉን አይንኩ፣ ዙሪያውንም አይርገጡ፤ የተረገጠው መንገድ ድመትንና ሌሎች አዳኞችን ወደ ጎጆው ይመራል።

የሩቅ ማያ መነጽር ከሌላችሁ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን በአዲስ አበባ ጠይቁ፤ ለወጣቶች የተፈጥሮ ክበባት ምክር የሚሰጥ ማኅበር ነው። መነጽሩ እስኪገኝ ግን ይህች ወፍ ሰው ብዙም ስለማትፈራ፣ ወጣቶቹ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው ከቁጥቋጦው ጥቂት እርምጃዎች ራቅ ብለው ዝም ብለው ቢቆሙ ፈዛዛ ዓይኗን ለማየት አይቸገሩም። ሥራው ከመስከረም ቢጀመር መልካም ነው፤ ከውጭ የሚያልፉት ዝንብ አዳኞች በዚያው ወር ስለሚመጡ ወጣቶቹ ሁለቱን ጎን ለጎን እያዩ መለየትን ገና ከመጀመሪያው ይማራሉ።